አናቷ ላይ ቀለበት ያለባት «ኤ»

በዚያ ክረምት እንደደከመኝ ደክሞኝ አያውቅም።

ሥራዬ የተበላሸ የሕክምና መሣሪያ መጠገን ነው። በመታወቂያዬ ላይ «ባዮሜዲካል ቴክኒሻን» ተብሎ ተጽፏል። ተወልጄ ያደግሁት ሀቢቾ ነው፤ የምሠራው ግን ሆሳዕና ነበር፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ተቋም። ሌሎች ሁለት ክሊኒኮችም ባለሙያ ስላልነበራቸው እኔኑ ይጠሩኝ ነበር። መብራት ይሄዳል፤ ሲመለስ በኃይል ይመለስና አንዱን መሣሪያ ያቃጥላል። እኔ እሱን ፈትቼ ሳልጨርስ ስልኬ ይጮኻል። ጭቃውን እየረገጥኩ፣ ባጃጅ ሳገኝ በባጃጅ፣ ሳላገኝ በእግሬ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ስሮጥ ክረምቱ አለቀ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ወገቤ ግን የስልሳ ዓመት ሰው ወገብ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። ኮሌጅ ሳለሁ ያልገባኝን ነገር ጠይቄ አላውቅም። አማርኛህ ውስጥ ሀዲይኛው ይሰማል እያሉ የሚስቁብኝ ልጆች ነበሩ፤ ከእነሱ ሳቅ ለመሸሽ ዝም ማለትን ለመድኩ። ሥራ ስይዝ ያው ዝምታ አዋቂ አስመሰለኝ። «ኤርሚያስ ብዙ አያወራም፣ ግን ያውቃል» ይሉኝ ነበር። እኔም አመንኳቸው።

አራስ ሕፃናት ገላቸው ቢጫ ሲሆን የሚተኙበት የሰማያዊ ብርሃን መሣሪያ አለ። የእኛው በእርዳታ የመጣ፣ ዕድሜ የጠገበ ነበር። ከሕፃኑ በላይ አራት ረጃጅም የፍሎረሰንት አምፖሎች ይበራሉ፤ ብርሃኑ ሕፃኑን ቢጫ ያደረገውን ነገር በቆዳው በኩል እየሰባበረ ከሰውነቱ እንዲያስወጣው ያደርጋል። አንድ ቅዳሜ ከአራቱ ሦስቱ ሞተው አገኘኋቸው። መጋዘናችን ውስጥ መለዋወጫ አልነበረም። ጥያቄ ጽፌ ከላክሁ ወራት አልፈው ነበር፤ መልስ የለም።

ገበያው አጠገብ ወዳለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ።

«ሰማያዊ አምፖል አለህ? ረጅሙን፣ ሃያ ዋት።»

ባለሱቁ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደልኝ። «ይኸው። ሆቴሎች ለዝንብ ማጥፊያ የሚገዙት ነው። ሰማያዊ ነው፣ ሃያ ዋት ነው።»

ለዝንብ መሆኑን በጆሮዬ ሰማሁ። ካርቶኑ ላይ 365 ይላል፣ ከጎኑ ሁለት ትንንሽ የላቲን ፊደላት አሉ። የመሣሪያው ጀርባ ላይ ያለችው የብረት ጽሑፍ ትዝ አለችኝ፤ እሷ ደግሞ 4600 ትልና አጠገቧ አናቷ ላይ ቀለበት ያለባት «ኤ» ተጽፋለች። ቀለበት የሌላት «ኤ» የኤሌክትሪክ መለኪያዋ አምፒር ናት፤ ይህች አምፒር እንዳልሆነች አውቃለሁ፤ አራት ሺ ስድስት መቶ አምፒር ከተማውን ሁሉ ያቃጥላል። የፋብሪካው ምልክት ትሆናለች ብዬ ትቻት ነበር። ወደ አንድ የሚያውቅ ሰው ደውዬ «ይህች ነገር ምንድን ናት?» ማለት ይቻለኝ ነበር። አልደወልኩም። ደክሞኝ ነበር፤ ደግሞም አፍሬ ነበር። ሦስቱን ገዝቼ ገጠምኩ፤ ሁሉም በሩ። ከቀሪው ከአንዱ ጋር ሲተያዩ መልካቸው ሳሳ ያለ ነበር፤ አዲስ ስለሆኑ ነው አልኩ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር አበበች «ተባረክ» አሉኝ። ወደ ቤቴ ሄጄ ተኛሁ።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ የአራት ቀን ሕፃን ገባች። እናቷ ማርታ የሺንሺቾ ሰው ናት፤ ለመውለድ ሆሳዕና እህቷ ቤት መጥታ ነበር። ልጅቷ ከዓይኗ ነጭ እስከ እግሯ ጫፍ ቢጫ ሆናለች። ዓይኗን በጨርቅ ሸፍነው ከብርሃኑ ሥር አስተኟት።

እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። እዚያው ክፍል ውስጥ ያለ ሌላ መሣሪያ ተበላሽቶ ተጠርቼ ስገባ፣ አንድ ረዘም ያለ ሰው ኮቱን እንደለበሰ ከብርሃኑ መሣሪያ ጀርባ ጎንበስ ብሎ ያነባል። ማርታ ፔርሙዝ ታቅፋ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። እንቅልፍ ካጣች የቆየች ትመስላለች።

ሰውየው ቀና ብሎ የሥራ ልብሴን አየና ፈገግ አለ። «የመሣሪያው ባለሙያ አንተ ነህ?»

«አዎ።»

«ጴጥሮስ እባላለሁ፣ የልጅቷ አባት ነኝ። ሺንሺቾ ፊዚክስ አስተምራለሁ።» ከዚያም ሥራ ፈትቶ የተጨነቀ ሰው እንደሚያደርገው ማውራት ጀመረ። «ወንድሜ፣ ይህችን ምልክት አየሃት? አናቷ ላይ ቀለበት ያለባትን? አንግስትሮም ትባላለች። በየዓመቱ አስተምራታለሁ፤ ተማሪዎቼ ‹መምህር፣ ይህች ለምን ትጠቅማለች?› ሲሉኝ የማሳያቸው ነገር አጥቼ አፍራለሁ። ዛሬ የገዛ ልጄ ላይ አገኘኋት።»

«ምንድን ናት?» አልኩት። በሕይወቴ ከጠየቅኳቸው ጥቂት ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ እሱንም ያልኩት ለይሉኝታ ነበር።

«ርዝመት ናት። የብርሃን ሞገድ የሚለካባት። አንድ ሚሊሜትርን አሥር ሚሊዮን ቦታ ብትከፍለው አንዷ ቁራጭ እሷ ናት። አሁን አሁን ሰው ናኖሜትር ይላል፤ አሥር አንግስትሮም አንድ ናኖሜትር ነው። እንግዲህ አራት ሺ ስድስት መቶውን ለአሥር አካፍለው፣ አራት መቶ ስልሳ። ሰማያዊ ብርሃን! ልክ ቢጫውን የሚሰብረው። ከዚያ ብዙ ዝቅ ካለ በዓይን የማይታየው ውስጥ ይገባል፤ አይሠራም፣ ቆዳም ይጎዳል። ልክ የሆነውን ነው የገጠማችሁላት።» እጄን ይዞ ጨበጠኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ይዤ የመጣሁትን መፍቻ እዚያው ትቼ ወጣሁ።

ካርቶኖቹ በሥራ ክፍሌ ጥግ ወድቀው ነበር። አንዱን አነሳሁ። 365። ከጎኑ ያሉት ሁለት ፊደላት ናኖሜትር ናቸው። እስክሪብቶ አወጣሁና ካርቶኑ ላይ በአሥር አባዛሁት። ሦስት ሺ ስድስት መቶ ሃምሳ። እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ደግሜ አባዛሁት። ያው ነው። ልጅቷ ከሰኞ ጀምሮ የተኛችው በዝንብ ማጥፊያ ሥር ነው፤ ከአራቱ የሚሠራላት አንዱ ብቻ ነው።

እውነቱን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ልጅቷ አልነበረችም። ካርቶኖቹን የት ልጣል የሚል ነበር።

ወደ ክፍሉ ስመለስ ሲስተር አበበችና ዶክተር ሰላም ኮሪደሩ ላይ ቆመው የላቦራቶሪ ወረቀት ያያሉ። ዶክተር ሰላም ወጣት ሐኪም ናት፤ ወረቀቱን እየደጋገመች ታገላብጠዋለች።

«ደሟ ውስጥ ያለው የቢጫው መጠን ትናንት አሥራ ዘጠኝ ነበር፤ ዛሬ ከሃያ አንድ አልፏል» ትላለች። «በብርሃን ሥር እያለች እንዴት ይጨምራል? እስከ ማታ ካልወረደ ደሟ መቀየር አለበት። እኛ ጋ አይሠራም፣ ሪፈር መጻፍ ነው። መንገድ ላይ ወደ አንጎሏ ከገባስ? ጆሮዋን ነው መጀመሪያ የሚነካት።»

ሐኪሟ አምቡላንስ ልትጠይቅ ስትሄድ ሲስተርን ጠራኋቸው።

«ሲስተር፣ አምፖሎቹ ደክመዋል።»

«የትኞቹ?»

«ሦስቱ።»

«ቅዳሜ አይደል እንዴ የቀየርካቸው?» መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል? ላብህ ይንጠባጠባል።»

ውሸቱን መቀጠል አቃተኝ። ካርቶኑን ከጃኬቴ ሥር አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ ግድግዳውን ተደገፉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸውም ከእሁድ ጀምሮ ቤታቸው አልገቡም ነበር።

«ለዚህ ነው ቆዳዋ ቀላ ያለው» አሉ በመጨረሻ። «እሺ። ትክክለኛው የት አለ?»

ያለበትን አውቃለሁ። ሺንሺቾ አካባቢ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ተመሳሳይ መሣሪያ መጋዘን ገብቶ ነበር። ዋናው የኤሌክትሪክ ክፍሉ ተቃጥሎ «አይጠገንም» ብዬ የፈረምኩት እኔው ነኝ። አምፖሎቹ ግን ብዙ አልሠሩም ነበር።

«ሂድ» አሉኝ። «ለዶክተሯ እኔ እነግራታለሁ። ለአባትየው ግን አልነግርልህም። ስትመለስ አንተ ነህ የምትነግረው።»

ገብቼ ሦስቱን አምፖሎች ነቀልኩ። ደህናውን አንዱን ብቻ አስቀርተን መሣሪያውን ወደ ልጅቷ ዝቅ አደረግነው። ማርታ ከወንበሯ ተነሳች።

«ለምን ታጠፋላችሁ?» አለች። አማርኛዋ የከምባትኛ ቅላጼ አለው። «ልጄ እኮ አልዳነችም።»

«የተሻለ ላመጣ ነው» አልኳት። ጴጥሮስ ከጎኗ ቆሞ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እሱ እኔን ማመኑ ከሁሉም በላይ ከበደኝ።

መናኸሪያ ስደርስ ዝናቡ ጀመረ። ረዳቱ «ሺንሺቾ! ሺንሺቾ!» ይላል፤ ሚኒባሱ ግን ግማሹ ባዶ ነው፣ ካልሞላ አይነቃነቅም። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ሎሬቦ ስልክ አያነሱም። ተቀምጬ ሰው ሲገባ እቆጥራለሁ። አንዲት ሴት ከነቅርጫቷ፤ ሁለት ተማሪዎች፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ማንም። ዓይኔ ይከደናል፤ ስከድነው የልጅቷን ደረት አያለሁ፣ ቶሎ ቶሎ ሲነሳና ሲወድቅ። ከሰዓት በላይ ቆይተን ወጣን።

አቶ ሎሬቦን ያገኘኋቸው ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ጃንጥላ ይዘው። ጉዳዬን ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ደብዳቤ ይዘሃል?» ብለው ነበር።

«አልያዝኩም። ጊዜ አልነበረም።»

«ያለ ደብዳቤ የመንግሥት ንብረት አይወጣም። እንደምታውቀው።»

«አቶ ሎሬቦ፣ ሕፃን ልጅ ናት። ስህተቱ የእኔ ነው። የዝንብ አምፖል ገጥሜባት ቢጫው ጨመረ። ዛሬ ካልወረደላት ደሟ ይቀየራል፤ መንገዱን መቻሏንም አናውቅም።»

ትኩር ብለው አዩኝ። «የማን ልጅ ናት?»

«የመምህር ጴጥሮስ። እዚሁ ፊዚክስ የሚያስተምረው።»

«የእኛው ጴጥሮስ?» ጃንጥላቸውን አጠፉት፣ ዝናቡ እየመታቸው። «የእኔን ሁለት ልጆች አስተምሮልኛል። ያውቃል ይህን?»

«አያውቅም።»

ከኪሳቸው ቁልፍ አውጥተው መጋዘኑን ከፈቱ። አምፖሎቹን ከአሮጌው መሣሪያ ፈትቼ፣ ሞክሬ፣ በጃኬቴ ስጠቀልል የንብረት ማውጫ ቅጽ አቀረቡልኝ። «ምክንያት» የሚል መስመር አለው። «ለጥገና» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶዬን አሳረፍኩ።

«እሱን አይደለም» አሉኝ። «አሁን የነገርከኝን ጻፍ። ዛሬ ካልጻፍከው ነገ ሌላ ነገር ሆኖ ታገኘዋለህ።»

«የተሳሳተ አምፖል በመግጠሜ» ብዬ ጻፍኩ፣ ስሜን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ።

ስመለስ አምፖሎቹን በጉልበቶቼ መካከል አቁሜ በሁለት እጄ አቀፍኳቸው። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ። አጠገቤ የተቀመጡ አሮጊት «ልጄ፣ ታቦት ነው እንዴ የያዝከው?» አሉኝ፤ ሰው ሳቀ። «መብራት ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸውም እጃቸውን ዘርግተው በአንድ በኩል ያዙልኝ፤ እስከ ሆሳዕና አልለቀቁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ደረስኩ። አምፖሎቹን ገጠምኩ። ማብሪያውን ስጫን ክፍሉ ሰማያዊ ሆነ፤ ጠዋት ከነበረው ጋር ጨርሶ አይገናኝም። ማርታ በከምባትኛ አንድ ነገር አለች። ባሏ ሲተረጉምልኝ ድምፁ ተቀይሮ ነበር። «የትናንቱ እንዲህ አልነበረም ትላለች።»

«መምህር፣ ውጭ ላነጋግርዎት?»

ከጣሪያው ክዳን ሥር ቆምን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ብሎ መናገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ሱቁን ነገርኩት፣ ዝንቡን ነገርኩት፣ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነገርኩት። ቁጥሩን ስጠራለት ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ እሱም በአሥር እያባዛው ነበር።

«ጠዋት ሳስረዳህ ታውቅ ነበር?»

«እርስዎ ሲያስረዱኝ ነው ያወቅኩት።»

«እጅህን ጨብጬ ‹እግዚአብሔር ይስጥልኝ› ስልህ ዝም አልከኝ።»

«አዎ።»

ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ። ይመታኛል ብዬ አስቤ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ለምን ነገርከኝ?» አለ በመጨረሻ። «አምፖሉን አምጥተሃል፣ ገጥመሃል። ዝም ብትለኝ ‹በሽታ ነው፣ ከላይ የመጣ ነው› ብዬ እኖር ነበር። ሐኪሟ ጆሮዋን ሊነካት ይችላል ብላናለች፤ ከእንግዲህ ስጠራት ዘግይታ ዞር ባለች ቁጥር ያንተን ዝንብ ነው የማስበው። ለራስህ ቀለል እንዲልህ ነው እንጂ ለእኔ ብለህ አይደለም የነገርከኝ።»

ምናልባት ልክ ነበር። ትቶኝ ወደ ልጁ ገባ።

ማታ በተወሰደው ደም ቢጫው አልጨመረም፤ ሪፈሩ ቆየ። ረቡዕ ጠዋት አሥራ ስምንት ገባ፣ ሐሙስ አሥራ አራት። ቅዳሜ ማርታ ልጇን በጋቢ ጠቅልላ ወጣች። ዶክተር ሰላም ከሦስት ወር በኋላ የጆሮ ምርመራ እንዲያደርጉ አዘዘቻቸው፤ ከመግባቷ በፊት የነበረው ከፍታ ይጉዳት፣ በእኔ አምፖል ሥር ያለፈው ቀን ይጉዳት፣ ቢጎዳት እንኳ ማንም ለይቶ እንደማያውቀው በግልጽ ነገረቻቸው። ጴጥሮስ በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም። እኔ የሆነውን ሁሉ ለተቋሙ ኃላፊ በጽሑፍ አስገባሁ፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። የሥራ ጓደኞቼ «ምን አስለፈለፈህ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት እንዴት እንዳለፉ ባልነግራችሁ ደስ ይለኛል። ሕፃን ልጅ ባየሁ ቁጥር ጣቴን እያጮህኩ ዞር ይል እንደሆነ እሞክር ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ።

«ጴጥሮስ ነኝ፣ የሺንሺቾው።»

«አቤት፣ መምህር።» ቆሜ የነበርኩ ሰው ተቀመጥኩ።

«ዛሬ ጆሮዋን አስመረመርናት።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «ትሰማለች። ሁለቱም ደህና ነው።»

ግንባሬን ጠረጴዛው ላይ አስደገፍኩ።

«ኤርሚያስ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«ለምን ነገርከኝ ብዬህ ነበር። አሁንም ልክ አድርገሃል ልልህ አልደወልኩም፤ እነዚህን ወራት እኔ ነኝ የማውቃቸው። ግን ከምርመራው ስንወጣ ይህን ለማን ልንገር ብዬ አሰብኩ። ለዘመድ ብነግር ‹ድሮስ ምን ሆና ነበር?› ነው የሚለኝ። ከእናቷና ከእኔ ሌላ ምን ያህል እንደፈራሁ የሚያውቅ ሰው አንተ ብቻ ሆነህ አገኘሁህ።»

ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ አልተደዋወልንም።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች፣ ልጅቷ ደህና ናትና ነገሩ በደህና አለቀ እንዳትሉኝ። እኔ ጋ አላለቀም። ደህና የሆነችው ጠንቃቃ ስለነበርኩ አይደለም። የፊዚክስ መምህር አባት ባይኖራት፣ እሱም ጭንቀቱን ለመርሳት ብሎ ባያወራኝ፣ እኔ ዛሬም «ብዙ አያወራም፣ ግን ያውቃል» የሚባል ሰው ነበርኩ። ድካም ነበረብኝ፤ እውነት ነው። ዛሬም አለብኝ፤ የምጠግነው መሣሪያ አልቀነሰም፣ ባለሙያውም አልጨመረም። ግን ያን ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ያሸነፈኝ ድካም ብቻ አልነበረም። «ይህችን አላውቃትም» ማለት ነው ያቃተኝ። ስንቶቻችን ነን በየቢሮው፣ በየመድኃኒት ቤቱ፣ በየክፍሉ፣ የማናውቃትን አንዲት ምልክት የፋብሪካው ናት ብለን የምናልፋት?

ባለፈው ሳምንት አንድ አዲስ መሣሪያ መጣልንና ስከፍተው ሽፋኑ ላይ ከዚህ በፊት ያላየኋት ምልክት አገኘሁ። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ሰው ነበር፤ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ በዚህ ዓመት የተመረቀች አንዲት አዲስ ባልደረባዬም ነበረች። ጠራኋትና ሁሉም እየሰማ «እህቴ፣ ይህች ምንድን ናት? አላውቃትም» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ።